የቦንጋ አውራ በግና የአርቢው ዐይን

የከፋ ስም ሲነሣ የማንኪራ ደንና ቡናው ይቀድማሉ። ከቡናው ጋር አብሮ የኖረው የቦንጋ በግ ግን የኪነ ጥበብ ሰዎችን ዐይን እምብዛም አልሳበም። ቀንድ የለውም፤ ጆሮው ረዥም፣ ላቱ ሰፊ፣ ጠጕሩ ልሙጥ ነው። ይህን መልክ የቀረጸው የአርቢው ምርጫ ነው።

ምርጫው ግን አንድ ተቃርኖ ነበረበት። ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ በለጋነቱ ወደ ገበያ ይነዳል፤ ደካማው ቀርቶ የመንጋው አባት ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. የቦንጋ ግብርና ምርምር ማእከልና ተባባሪዎቹ በአዲዮ ከአርቢዎች ጋር የጀመሩት የማኅበረሰብ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ የተነሣው ይህን ለመቀልበስ ነው። ወጣት አውራ በጎች በአንድ ሥፍራ ይሰበሰባሉ። የስድስት ወር ክብደታቸው ከመዝገብ ይታያል፤ ከአርቢዎቹ የተውጣጣ ኮሚቴም ቁመናቸውን፣ ላታቸውንና ቀለማቸውን መርምሮ ይፈርዳል። የተመረጠው አውራ በጋራ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ይሸጣል ወይም ይሰነጋል።

ይህ በቅርፁ ትርኢት፣ በይዘቱ ፍርድ ነው። ከእንጅባራው የፈረሰኞች በዓል ጋር ሲነጻጸር ጠባዩ ይበልጥ ይገለጣል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የ1888ቱን የዐድዋ ድል የፈረሶች ውለታ ያስባል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሜዳው በግልቢያ ይናወጣል። በዚያ የሚከበረው የተፈጸመ ጀግንነት ነው። በከፋ የሚታየው አውራ በግ ግን ገና ያልተወለደ መንጋ አባት ነው፤ የዳኞቹን ብቃት የሚመሰክሩት የሚቀጥለው ዓመት ግልገሎች ናቸው። የሰባ ከብት ተሸልሞ ወደ ቄራ ከሚነዳበት ባዛር የሚለየውም በዚህ ነው።

ሆኖም ሚዛንና መዝገብ ብቻቸውን ባህል አይሆኑም። አዛውንቱ አርቢ አንዱን በግ መርጦ ሌላውን የጣለበትን ምክንያት በአደባባይ ካላስረዳ፣ ወጣቱ ውጤቱን እንጂ ዕውቀቱን አይወርስም። በጉን በጓሮ ያሳደገችው እናትም ከዳኞች መካከል ካልተቀመጠች ፍርዱ ጎዶሎ ነው። ገጣሚው፣ ሠዓሊውና መምህሩ ሊገኙ የሚገባቸውም እዚህ ነው፤ ለበጉ ጌጥ ለመጨመር ሳይሆን፣ አርቢው ውበትን የሚለካበትን ቃል ከአፉ ተቀብለው ለትውልድ ለማቆየት። መንጋው ሲሻሻል ቃሉ ከጠፋ፣ ከፋ በጉን አትርፎ ዐይኑን ያጣል።