ቀስቷ ስትቀጥን

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2024 ሲንጋፖር ላይ ዲንግ ሊረን እና ጉኬሽ ዶማራጁ ለዓለም የቼዝ ሻምፒዮንነት ሲፋለሙ፣ ከ13 ጨዋታ በኋላ ስድስት ተኩል ለስድስት ተኩል እኩል ነበሩ። የመጨረሻው 14ኛ ጨዋታም ወደ አቻ እያዘገመ ነበር። ጉኬሽ በአንድ ወታደር ይበልጣል፤ ነገር ግን ለሁለቱም አንድ አንድ ሩክና አንድ አንድ ቢሾፕ ስለቀራቸው፣ ዲንግ ታግሦ ቢከላከል ያቺ ትርፍ ወታደር ብቻዋን አታሸንፈውም ነበር። በ55ኛው እርምጃ ዲንግ ሩኩን ኤፍ 2 ላይ አሳረፈ።

ያንን ጨዋታ ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ፣ በመተንተኛው ሰሌዳ ከፍቼ ስንት ጊዜ እንደተመለከትኩት አላውቅም። ሁልጊዜም መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ከሰሌዳው ጎን በቆመችው ቀጭን ዘንግ ላይ ነው። ነጭና ጥቁር የተካፈሏት ዘንግ ናት። ከ55ኛው እርምጃ በፊት ሁለቱ ቀለሞች ከመሃሉ ምልክት ብዙም ሳይርቁ ይገናኛሉ። ሩኩ ኤፍ 2 ላይ ሲያርፍ ጥቁሩ ከላይ ወደ ታች ይወርድና ዘንጓን ይሞላታል። ከዚያ በኋላ ሩኮቹ ተበላሉ፤ የጉኬሽ ቢሾፕ ዲ 5 ላይ ቆሞ የዲንግን ቢሾፕ በግድ አስለወጠው፤ ሰሌዳው ለንጉሦችና ለወታደሮች ብቻ ቀረ። ያኔ ትርፏ ወታደር ሙሉ ዋጋዋን አገኘች፤ የ18 ዓመቱ ጉኬሽም ሻምፒዮን ሆነ።

ዘንጓ ከሩቅ ስትታይ ተራ ነገር ትመስላለች፤ ሥራዋ ግን ረቂቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሲሻሻል የኖረው ስቶክፊሽ የተባለው ፕሮግራም የሰሌዳውን ሁኔታ በቁጥር ይመዝናል፤ በቼዝ ልማድ አንድ ቁጥር አንድ ወታደር ያህል ብልጫ ተብሎ ይነበባል። ሰነፍ ሠሪ ቢሆን ያንን ቁጥር እንዳለ በዘንግ ላይ ይለካው ነበር። የሊቼስ ሠሪዎች ግን እንዲህ ብለው ጠየቁ፤ ይህ ብልጫ ለሚጫወተው ሰው ምን ያህል የማሸነፍ ዕድል ይሰጠዋል? መልሱን ሰዎች በእውነት ከተጫወቷቸው ጨዋታዎች አወጡት። ስለዚህ ብልጫው ከ0 ወደ 1 ሲሄድ ዘንጓ 9 በመቶ ያህል ትንቀሳቀሳለች፤ ከ8 ወደ 9 ሲሄድ ግን 1 ተኩል በመቶ ብቻ ነው የምትነቃነቀው። እውነቱም ይኸው ነው። እኩል በሆነ ጨዋታ አንዲት ወታደር ብዙ ናት፤ ያለቀለት ጨዋታ ላይ አንዲት ተጨማሪ ወታደር ምንም አትለውጥም። ዘንጓ የምትለካው የማሽኑን ቁጥር ሳይሆን የሰውን ተስፋ ነው።

ከዘንጓ ይልቅ የምወደው ግን ቀስቶቹን ነው። ስቶክፊሽ የሚመርጠው እርምጃ በሰሌዳው ላይ በፈዛዛ ሰማያዊ ቀስት ይሳላል። ፕሮግራሙ ከአንድ በላይ አማራጭ እንዲያሳይ ካዘዛችሁት ደግሞ ሌሎቹ በፈዛዛ ግራጫ ይከተላሉ። ውፍረታቸውን አስተውሉ። ከምርጡ እርምጃ ብዙም የማያንሰው ወፍራም ሆኖ ይሳላል፤ የሚያንሰው እየቀጠነ ይሄዳል፤ በጣም የሚያንሰው ጨርሶ አይሳልም። አንድም ቁጥር ሳታነቡ ሁኔታውን ታውቃላችሁ። ሦስት እኩል ወፍራም ቀስቶች ካያችሁ ጨዋታው ሰፊ ነው፤ የወደዳችሁትን ምረጡ። አንዲት ቀስት ብቻዋን ከቆመች መንገዱ አንድ ነው፤ ከእሱ ውጪ ገደል አለ።

የኤክስን ፊደል ስትጫኑ ደግሞ ተጋጣሚው ተራው ቢሆን ኖሮ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በቀይ ቀስት ይታያል። ቀዩ ለአደጋ ተለይቶ የተቀመጠ ቀለም ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቀዩን ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለርዕስ ይቆጥቡት ነበር፤ ገጹ ሁሉ ቢቀላ ዓይን የሚያርፍበት አይኖረውም ነበር። እዚህም ያንኑ ቁጥብነት አያለሁ። በተተነተነ ጨዋታ ትንሽ ስህተት በሰማያዊ፣ ከፍ ያለው በብርቱካንማ፣ ከባዱ በቀይ ይለያል፤ ምልክቷም እርምጃው ባረፈበት ካሬ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ቀለም ለመለየት የሚቸገር ሰው እንዳይቀርበት የጥያቄ ምልክቱ በራሱ ይናገራል፤ ሁለት የጥያቄ ምልክት በየትኛውም ቀለም ከባድ ስህተት ነው። እነዚህ ምልክቶች አዲስ አይደሉም፤ የቼዝ ሰዎች ጨዋታ ሲጽፉ በወረቀት ላይ ለረጅም ዘመን የተግባቡባቸው ናቸው። አዲሱ ነገር ከጽሑፉ ተነሥተው ስህተቱ በተሠራበት ካሬ ላይ መቀመጣቸው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ተጫዋቾች በሁለት ይከፈላሉ። ገና የሚማረው ደስ ይለዋል፤ የት እንደተሳሳተ ለማወቅ የቁጥር ዓምድ መቁጠር ቀርቶለታል። ለዓመታት በዓይነ ልቡናው ሲያሰላ የኖረው ግን ይከፋዋል፤ ቀስቱ ካለ ማን ያስባል? ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ዘንጓን እያዩ ጨዋታ የሚከታተሉ ብዙዎች ስለ አንድ ታላቅ ተጫዋች «ይህን እንዴት አላየውም!» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያ ሰው ዘንግ እንዳልነበረው፣ የነበረው ሰዓትና ጭንቅላቱ ብቻ እንደሆነ ይረሳሉ።

ለዚህ ቅሬታ ሠሪዎቹ የሰጡት መልስ በክርክር ሳይሆን በሥራ ነው፤ ሲፈለግ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ዘንጓ ትጠፋለች፣ ቀስቶቹ ይጠፋሉ፣ ምልክቶቹም ይጠፋሉ፤ ሰሌዳው ባዶውን ይቀራል። ሊቼስ እ.ኤ.አ. በ2010 በፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕለሲ ተጀምሮ እስከ ዛሬ ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ የሚሠራ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ዓይናችሁን አፍጥጣችሁ እንድትቆዩለት የሚፈልግ ነጋዴ ከጀርባው የለም። ለዚህ ይመስለኛል ቀስቱ አሳይቶ ዞር የሚለው።

እኔ ልማዴ ይህ ነው። 55ኛው እርምጃ ላይ ስደርስ ሁሉንም አጠፋለሁ፤ በዲንግ ወንበር ተቀምጬ አስባለሁ። የመረጥኩትን ከወሰንኩ በኋላ ቀስቶቹን መልሼ አበራለሁ። ወደዚህም ወደዚያም የተዘረጉ ቀስቶች ይመጣሉ፤ ሩኩን ወደ ኤፍ 2 የሚወስድ ግን አንድም የለም። ካሬዋ ባዶ ናት። ማንም ዲንግን አልሰደበውም፣ ማንም አላብራራም። ለምን ቀስት እንዳልተሳለ ፈልጎ ማግኘት የኔ ፋንታ ነው፤ ፍለጋውም ሩኮቹ ከተለዋወጡ በኋላ የዲንግ ቢሾፕ ወዴት ሊሄድ ይችል እንደነበር በመጠየቅ ይጀምራል።