ጥሩ የአር-ሲንክ ዝርዝር በምን ይታወቃል?

ሰው የባክአፕ ትእዛዙን ሲያሳየኝ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ኤክስክሉድ መስመሮቹ፣ ማለትም «ይህ አይላክ» የሚሉት፣ ላይ ነው። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ አር-ሲንክን በ1996 እ.ኤ.አ. ካወጡ ጀምሮ ይህ የፋይል መቅጃ ፕሮግራም የተለወጠውን ብቻ በመላኩ ይመሰገናል፤ ይገባዋልም። ምን ይላክ፣ ምን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ግን ትእዛዙን የጻፈው ሰው ነው፤ ሙያው የሚለካውም እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ቅደም ተከተሉን እዩ። አር-ሲንክ ለእያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር የኢንክሉድ (ይላክ) እና የኤክስክሉድ (ይቅር) ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል። መጀመሪያ የገጠመው ደንብ ይወስናል፤ ከሱ በታች ያለው ጨርሶ አይታይም። አንዱም ካልገጠመ ፋይሉ ይላካል። ስለዚህ ጠባቡ ደንብ ከሰፊው በታች ከተጻፈ እንዳልተጻፈ ነው።

ፒዲኤፍ ብቻ መውሰድ የፈለገ ጀማሪ ሁለት መስመር ይጽፋል፦ መጀመሪያ ፒዲኤፎቹን ኢንክሉድ፣ ቀጥሎ «*»ን ኤክስክሉድ። ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ኮከቧ ፎልደሮችንም ትይዛለች፤ አር-ሲንክ ደግሞ የተገለለ ፎልደር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የሚደርሱት ላይኛው ፎልደር ላይ ያሉት ፒዲኤፎች ብቻ ናቸው። ውስጥ ያሉት ሁሉ ይቀራሉ፣ የስህተት መልእክትም አይወጣም። ክፋቱ ይህ ዝምታ ነው። ነገሩ የገባው ሰው ከሁለቱ መስመሮች በላይ «*/»ን ኢንክሉድ ያደርጋል፤ ባዶ ፎልደሮች ተከትለው እንዳይሄዱም «ፕሩን-ኤምፕቲ-ዲርስ» የሚለውን አማራጭ ይጨምራል። እንዲህ ያለ አጭርና ምሉዕ ዝርዝር ሳይ ደስ ይለኛል።

ስላሾቹንም ልብ በሉ። «ካሽ/» ተብሎ ከተጻፈ ካሽ የሚባል ፎልደር የትም ይሁን የት ይገለላል፤ «/ካሽ/» ከተባለ ግን የሚገለለው በዝውውሩ መነሻ ላይ ያለው ብቻ ነው። መነሻው የዲስኩ ሥር አይደለም። ከምንጩ ስም ኋላ ስላሽ ከሌለ ፎልደሩ ራሱ ስለሚላክ ስሙ በደንቡ ውስጥ መግባት አለበት፦ «/ሥራ/ካሽ/»።

ዲሊት፣ ማለትም ምንጩ ላይ የሌለውን ከመድረሻው የሚሰርዘው አማራጭ፣ ያለበትን ትእዛዝ ሁለቴ አነባለሁ። ኤክስክሉድ የተደረገ ፋይል በመድረሻው በኩል ካለ ከመሰረዝ ይተርፋል፤ «ዲሊት-ኤክስክሉድድ» ሲጨመር ግን ያ ከለላ ይነሳል። ይህን አማራጭ ያለ ማብራሪያ የጻፈ ሰው ሥራውን አልጨረሰም። የደንብ ፋይል ውስጥ በ«#» የሚጀምር መስመር ለማስታወሻ ነው የተፈቀደው፤ ምክንያቱ እዚያ ይጻፍ።

ዛሬ ማታ የሚሠራ ባክአፕ ያላችሁ፣ መጀመሪያ ምንም ሳይልክ በሚሞክረው በድራይ-ረን አስኬዱት፤ ቨርቦዝን ሁለት ጊዜ ስጡት። የትኛው ፋይል በየትኛው ደንብ እንደቀረ ይነግራችኋል። ፈጽሞ ልታጡት የማትፈልጉትን ፋይል በስሙ ፈልጉት፤ ሊላክ ካልተዘረዘረ ደንቡን አርሙ።