የፓር ቤተሰብ በሁለት ፊልሞች፦ ክፍል ሁለት በምን ይመዘናል?

«ዘ ኢንክሬዲብልስ» የሚያልቀው መኪና ማቆሚያ ላይ መሬት ሰርስሮ ከወጣ ወንበዴ ፊት ልዩ ኃይል ያለው የፓር ቤተሰብ ጭምብሉን አጥልቆ ሲቆም ነው። «ኢንክሬዲብልስ 2» ታሪኩን የሚያነሣው ከዚያው ከመኪና ማቆሚያው፣ ከዚያው ወንበዴ ጋር ነው። በፊልሙ ዓለም አንድ ቀን እንኳ አላለፈም። በተመልካቹ በኩል ግን የመጀመሪያው በኖቬምበር 2004፣ ሁለተኛው በጁን 2018 እ.ኤ.አ. ነው የወጡት። የሯጩን ልጅ የዳሽን ድምፅ የተጫወተው ስፔንሰር ፎክስ በመሀሉ አድጎ ድምፁ ስለጎረነነ ቦታው ለሌላ ልጅ፣ ለሀክልቤሪ ሚልነር ተሰጠ። ጸሐፊውና ዳይሬክተሩ ብራድ በርድ፣ የሙዚቃ ደራሲው ማይክል ጃኪኖ፣ አባቱንና እናቱን፣ ቦብንና ሄለንን፣ የሚጫወቱት ክሬግ ቲ. ኔልሰንና ሆሊ ሀንተር ግን ያው እነሱው ናቸው። ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመዘን ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም።

በገንዘብና በሽልማት የሚፈርድ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። የመጀመሪያው በዓለም ዙሪያ ወደ 630 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ፤ በምርጥ አኒሜሽን ፊልምና በድምፅ ኤዲቲንግ ሁለት ኦስካር ወሰደ። ሁለተኛው ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ኦስካር ላይ ግን ታጭቶ በስፓይደር ማን አኒሜሽን ተሸነፈ። ከሁለቱ የሚሻል ጥያቄ አለ፦ አንድ ትዕይንት ካለፈ በኋላ በገጸ ባሕርያቱ ላይ ምን ተለወጠ? ክፍል ሁለትን በሚገባ የሚመዝን ተመልካች ይህን ጥያቄ ከእጁ አይለቅም።

በመጀመሪያው ፊልም የአውሮፕላኑን ትዕይንት ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሄለን ባሏን ፍለጋ ወደ አንድ ደሴት ስትበር ልጆቿ ቫዮሌትና ዳሽ ተደብቀው መሳፈራቸውን የምታውቀው አየር ላይ ሆና ነው። ሚሳይል ሲተኮስባት ልጆች መያዟን በሬዲዮ እየደጋገመች ትለምናለች፤ የሚመልስላት የለም። ዞር ብላ ቫዮሌት አውሮፕላኑን በኃይሏ በምትፈጥረው ጋሻ እንድትከልል ትጮኽባታለች። ልጅቷ ይህን በሚያህል ነገር ላይ ሞክራ አታውቅም፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ኃይልሽን ደብቂ ሲላት የኖረውም ይኸው ቤተሰብ ነው። እጇን ትዘረጋለች፤ ጋሻው ብልጭ ይልና ይጠፋል። እናትየዋ መሪውን ትታ፣ ተለጥጣ ሁለቱን ልጆች በገላዋ ትጠቀልላቸዋለች፤ አውሮፕላኑ ይፈነዳል።

ሌላ ፊልም ቢሆን በፍንዳታው ይረካና ያልፋል። በርድ አያልፍም። ዋሻ ውስጥ ቫዮሌት በሐፍረት ይቅርታ ለመጠየቅ ትመጣለች፤ እናቷም ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ፣ ያላለማመደቻትን ነገር በድንገት መጠየቅ እንዳልነበረባት ትነግራታለች። እዚህ ያሉት ክፉዎች ቴሌቪዥን ላይ እንዳሉት እንዳልሆኑ፣ ልጆች ናቸው ብለው እንደማይምሯቸውም ለሁለቱም ሳትሸፋፍን ታስረዳለች። በማግስቱ ጫካ ውስጥ ዳሽ ላይ መሣሪያ ሲደገን ጋሻው ሙሉ ሆኖ ይወጣል። በፊልሙ መጨረሻ ደግሞ የክፉው ገጸ ባሕርይ የሲንድሮም አውሮፕላን እየነደደ ቤታቸው ላይ ሲወድቅ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያተርፈው ይኸው የቫዮሌት ጋሻ ነው። አንዱን አውሮፕላን ማዳን ያቃታት ልጅ ከሌላው አውሮፕላን ፍርስራሽ ቤተሰቧን ታድናለች፤ በመሀል ያለው ደረጃ አንዱም አልተዘለለም።

የልጅቷ ፀጉር እንኳ የዚሁ ሥራ ክፍል ነው። ፊቷን የሚሸፍነው ረጅም ጥቁር ፀጉር ፊልሞቹን የሠራውን የፒክሳርን ስቱዲዮ ባለሙያዎች ክፉኛ ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ነበር፤ በዚያ ዘመን ረጅም ፀጉርን በኮምፒውተር እንደ እውነተኛ ማንቀሳቀስ ገና አስተማማኝ መፍትሔ አላገኘም ነበር። ቢያሳጥሩት ድካሙ ይቀልላቸው ነበር፤ ልጅቷ ግን የምትደበቅበት ታጣለች። መጨረሻ ላይ ከፊቷ ላይ ገፍታው ቶኒ የተባለውን ልጅ በግልጽ ስታናግረው ተመልካቹ ምን እንደተለወጠ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ፊልም በዚህ መለኪያ ሲታይ መጀመሪያ የሚደናቀፈው እዚችው ልጅ ላይ ነው። ቶኒ ቫዮሌትን ያለ ጭምብል ስላያት የመንግሥቱ ሰው ሪክ ዲከር ትዝታውን በመሣሪያ ይደመስስበታል፤ ከወንበዴው ትዝታ ጋር ልጅቷም አብራ ትሰረዛለች። ቶኒ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ብቅ ሲል ቫዮሌት የጠጣችው ውኃ በአፍንጫዋ የሚወጣበት ትዕይንት በእርግጥ ያስቃል። ዋጋው ግን ውድ ነው። ባለፈው ፊልም ስንት ፍርሃት አልፋ ያገኘችው ድፍረት በአንድ መሣሪያ ተሰርዞ ታሪኳ ከዜሮ ይጀምራል። መሬት ሰርሳሪው ወንበዴም የባንኩን ገንዘብ ይዞ ያመልጣል፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙ ወደ እሱ አይመለስም። አንድ ፊልም 14 ዓመት ያስጠበቀውን ወንበዴ እንዲሁ ሲለቀው ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ይህ ማለት ክፍል ሁለት ደካማ ነው ማለት አይደለም። የባቡሩ ማሳደድ ከሁለቱም ፊልሞች ምርጥ የእንቅስቃሴ ትዕይንት ሊባል ይችላል። አዲስ የተመረቀ ባቡር ወደ ኋላ መሸሽ ሲጀምር ሄለን ለሁለት በሚከፈል ሞተር ሳይክል ትከተለዋለች። የፊተኛው ጎማ አንድ ጣሪያ ላይ፣ የኋለኛው ሌላ ቦታ ሆኖ፣ መሀሉን የምታገናኘው የእሷ የተለጠጠ ገላ ነው። አኒሜተሮቹ እዚህ የሚያሳዩት ፍጥነቱን ብቻ አይደለም፤ ገጸ ባሕርይቷ በየቅጽበቱ እያሰበች መሆኗን ነው። መንገድ ሲዘጋባት ትወስናለች፣ ሞተሩ ሲከዳት ትተወዋለች፣ በመጨረሻ ባቡሩን በገዛ ገላዋ ታቆመዋለች። በመጀመሪያው ፊልም በተንሸራታች በሮች መካከል ተቀርቅራ ጠባቂዎችን የምትጥልበት ግሩም ትዕይንት ቢኖርም ኃይሏ በዚህ ስፋት አልታየም ነበር።

ሄለን ስትወጣ ልጆቹን ይዞ ቤት የቀረው ቦብም እንዲሁ። የዳሽን አዲሱን የሒሳብ ዘዴ መረዳት ያቅተዋል፤ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ይቀላል። በአንዱ ሌሊት ሶፋ ላይ ተኝቶ ሳለ ሕፃኑ ጃክ-ጃክ ቴሌቪዥን ላይ በድሮ ፊልም ውስጥ ጭምብል ያጠለቀ ሌባ ያያል። ወዲያው ደጅ ቆሻሻ የሚያገላብጥ ራኩን ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ የራኩን ፊት ደግሞ በተፈጥሮው ጭምብል ያደረገ ይመስላል። ሕፃኑ ያየውን ከደጁ ጋር አገናኝቶ በመስታወቱ በር ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ከዓይኑ ጨረር ይተኩሳል፣ በእሳት ይያያዛል፣ ብዙ ሆኖ ይባዛል፤ ራኩኑም እጅ አይሰጥም። ጠቡ እስከ መጨረሻው ያለ ንግግር ነው፤ ሳቁን የሚያመጣው የሰዓት አመዳደቡና የሁለቱ ፍጡራን ግትርነት ነው። ቀጥሎ ቦብ ሕፃኑን ራሱ ብራድ በርድ ድምፁን ወደሰጣት ወደ ልብስ ዲዛይነሯ ኤድና ይወስደዋል። ልጅ ማሳደር ሥራዋ እንዳልሆነ ስትሟገት የነበረችው ሴት ጃክ-ጃክ የእሷን መልክ ሲይዝ ሐሳቧን ትለውጣለች። ይህ ሁሉ በቦብ ላይ ቅሪት አለው፦ ከተማ ማዳን የለመደ አባት የሦስት ልጆች ቤት ሲረታው ያምናል፤ ለቫዮሌትም ድክመቱን በግልጽ ይነግራታል።

እንግዲህ ሚዛኑን የሚያጋድለው ክፉው ገጸ ባሕርይ ነው።

ሲንድሮም የቦብ የእጁ ሥራ ነው። ልጅ ሳለ ባዲ ይባል ነበር፤ አብሬህ ልዋጋ ብሎ ሲለምን ቦብ ብቻዬን ነው የምሠራው ብሎ አባረረው። ፊልሙ በሙሉ የዚያች መልስ ዕዳ ነው። ከመጨረሻው ውጊያ በፊትም ቦብ ቤተሰቡ እንዲጠብቀው ይጠይቃል። ሄለን ዛሬም ክብሩን ለብቻው ሊወስድ መስሏት ትቆጣለች፤ እሱ ግን ዳግመኛ እነሱን ቢያጣ የሚቋቋምበት ጉልበት እንደሌለው ይናገራል። የዓለም ጠንካራው ሰው ደካማ ነኝ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲንድሮምን ከታሪኩ ቢያወጡት ይህ ቃል የሚወጣበት ቦታ አይኖርም።

የሁለተኛው ክፉ ሰውን በስክሪን የሚያፈዝዘው ስክሪንስሌቨር ነው፤ ከጀርባው ያለችው ኤቭሊን ዴቨር ናት። የቆሰለችበት ታሪክ ግሩም ነው፦ ሌቦች ቤት ሰብረው ሲገቡ አባቷ ወደ መደበቂያ ክፍል ከመሮጥ ይልቅ ጀግኖቹን በስልክ ይጠራል፤ የሚያነሣ ይጠፋል፤ ይገደላል። ወንድሟ ዊንስተን ጀግኖቹ ቢኖሩ አባታችን ይተርፍ ነበር ይላል። እሷ ደግሞ በጀግኖች ባይታመን ይተርፍ ነበር ትላለች። ከአንድ ሞት የተወለዱ ሁለት ተቃራኒ እምነቶች ለአንድ ሙሉ ፊልም የሚበቁ ነበሩ። ሆኖም ቁስሉ የዴቨሮች እንጂ የሄለን አይደለም። ልጆቿን ለባሏ ትታ ሌላውን ለማዳን የወጣች እናት ያለባት ጥያቄ አንድ፣ ኤቭሊን የምታነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ሁለቱ ሴቶች በእውነት የሚጋጠሙት የሚያፈዝዘው መነጽር ሄለን ዓይን ላይ እስኪደፋ ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙ ወደ መርከብ ማዳን ይሮጣል፣ ክርክሩም መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ፊልሙ መጀመሪያ ለ2019 ተይዞ ከ«ቶይ ስቶሪ 4» ጋር ቦታ ተለዋውጦ አንድ ዓመት ወደፊት መምጣቱ ይታወቃል። ስፌቱ ሳይጠብቅ የቀረበት ቦታ ካለ ይኸው የክፉዋ መስመር ነው።

ስለዚህ በሥዕል፣ በብርሃንና በእንቅስቃሴ ሁለተኛው ይበልጣል፤ በድርሰት የመጀመሪያው ይበልጣል፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ጊዜ ያለው ተመልካች ሁለቱን በተከታታይ ቢያያቸው ፍርዱን በገዛ ዓይኑ ያገኘዋል። ቤተሰቡ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ግን ሁለተኛውን ከመክፈት በፊት ይጠንቀቅ፤ ሄለን ከስክሪንስሌቨር ጋር የምትፋለምበት ክፍል በፍጥነት ብልጭ ድርግም በሚል ብርሃን የተሞላ ስለሆነ ፊልሙ ሲወጣ ሲኒማ ቤቶች ማስጠንቀቂያ ለጥፈው ነበር።