አቶ ተገለጸ በአርባ ምንጭ

በአገራችን ዕረፍት የሌለው ሠራተኛ ማን ነው ብትሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ አቶ ተገለጸ! በየከተማው፣ በየዞኑ፣ በየወረዳው ይሠራል። ደመወዝ የለውም፤ ቢሮ የለውም፤ ፊቱን አየሁ የሚል ሰውም እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ዜና ሲነበብ ግን መጨረሻ ላይ ብቅ ብሎ በሩን የሚዘጋው እሱ ነው። «የከተማዋን ጽዳት በመጠበቅ ረገድ ሁሉም የድርሻውን መወጣት እንዳለበት ተገለጸ።» ማን ገለጸ? ለማን? አይ፣ አይሆንም ያለ ሰውስ አልነበረም? አቶ ተገለጸ እዚህ ላይ ጆሮ የለውም። ወንድሞቹ አቶ ተጠቆመና አቶ ተመላከተም ያው ናቸው። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ታናሽየው አቶ ተጠየቀ ነው። ስሙን ሰምታችሁ አንድ ሰው ጥያቄ ያቀረበ እንዳይመስላችሁ። «ነዋሪው መዋጮውን በወቅቱ እንዲያጠናቅቅ ተጠየቀ» ሲባል እኮ ነዋሪው ታዘዘ ማለት ነው። ትእዛዝ ጥያቄ ተብሎ የሚጠራበት ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም።

ስለዚህ ቤተሰብ ለመጻፍ የትኛውንም ከተማ ማንሣት ይቻል ነበር። አርባ ምንጭን የመረጥኩት ለክፋት አይደለም። እንዲያውም ሰው ተሰብስቦ እንዴት ይነጋገር፣ እንዴትስ ይወስን በሚለው ነገር ላይ የጋሞን ሕዝብ ያህል የደከመበት ጥቂት ነው ብዬ ስለማምን ነው። ይህን ያህል የስብሰባ ባህል ያለው ሕዝብ መሐል አቶ ተገለጸ እንዴት ተመቻችቶ ተቀመጠ? ነገሬ ይሄ ነው።

አርባ ምንጭ ወጣት ከተማ ናት። በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ አባያና ጫሞ ሐይቆች ካሉበት ቆላ ሲመጣ የተቆረቆረች ናት፤ ከላይ ቢሮዎቹ የበዙበት ሴቻ፣ ከታች ንግዱ የደራበት ሲቀላ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ያልሆነችው ነገር የለም። የጠቅላይ ግዛት፣ ቀጥሎም የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ኋላ የሰሜን ኦሞ ዞን፣ ከዚያ የጋሞ ጎፋ ዞን፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጋሞ ዞን መቀመጫ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከስድስቱ የክልሉ ማዕከላት አንዷ ተባለች። በአንድ ሰው ዕድሜ ይህ ሁሉ! ሰውየው እዚያው ቤቱ፣ ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ የሚለዋወጠው የቢሮው ታፔላ ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ መሰጠቱን አልዘነጋሁም። ከዚያ በፊት የነበሩት ለውጦች ግን ለነዋሪው በአብዛኛው የመጡለት በዜና ነው። ማለትም በአቶ ተገለጸ በኩል።

እስኪ የአካባቢ ዜናን እንደ ድርሰት ቁጭ ብለን እናንብበው። መጀመሪያ የምናስተውለው ሁለት ጊዜ ብቻ ያለው መሆኑን ነው፤ «ሊካሄድ ነው» እና «ተካሄደ»። የሕዝብ የውይይት መድረክ ሊካሄድ ነው። የሕዝብ የውይይት መድረክ ተካሄደ። በሁለቱ መካከል የነበረው፣ ማለትም ውይይቱ ራሱ፣ የት ገባ? ማስታወቂያው በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰምተናል፤ ባነሩ ተሰቅሎ አይተናል፤ የክብር እንግዶቹን ስምና ማዕረግ በቅደም ተከተል ተነግሮናል። ውስጥ ገብታ ተነሥታ የተናገረችው እናት ምን አለች? የለችም።

አይ፣ አለች! በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀብራለች። ይህችን ዓረፍተ ነገር የማያውቃት አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ «በመጨረሻም ከተሳታፊዎች ለተነሱ ጥያቄዎችና አስተያየቶች ከመድረክ ምላሽና ማብራሪያ ተሰጥቷል።» እኔ በበኩሌ በአማርኛ ከተጻፉ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ብዙ ነገር የዋጠች ይህች ናት እላለሁ። ጥያቄው የውሃ ይሁን የመሬት አታውቁም። ምላሹ «እናያለን» ይሁን «አይቻልም» አታውቁም። ጠያቂው ረክቶ ይሂድ አኩርፎ፣ ቀጠሮ ይሰጠው አይሰጠው አታውቁም። ሁለት መቶ ሰው ግማሽ ቀን ሥራ ፈቶ የተቀመጠበት ጉዳይ በአንድ ነጠላ መስመር ተጠቅልሎ ሄደ። ልብ በሉ፣ ዜናው አልዋሸም። ጥያቄ ተነሥቷል፤ ምላሽም ተሰጥቷል። ለዚህ ነው ተሟግቶ መርታት የሚያስቸግረው።

ታዲያ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፣ ምን ያንገበግብሃል የሚል ይኖራል። በዚያው በአርባ ምንጭ መቀመጫነት የሆነውን ላስታውስ። የሰሜን ኦሞ ዞን በነበረበት ዘመን የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋህዶ ከአራቱ ስሞች መነሻ መነሻውን በመውሰድ «ወጋጎዳ» የተባለ አንድ የትምህርት ቋንቋ ተሰናዳ። ቋንቋዎቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ሐሳቡ በራሱ የእብድ ሐሳብ አልነበረም። ወጪ ለመቆጠብ ነው የሚለው ክርክርም ሊደመጥ የሚገባው ነበር። ችግሩ የቋንቋው ባለቤት ጉዳዩን የሰማው መጽሐፉ ታትሞ የልጁ እጅ ሲገባ መሆኑ ነው። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ዞኑ ራሱ ፈርሶ ወላይታም፣ ጋሞ ጎፋም፣ ዳውሮም የየራሳቸውን ዞን ይዘው ተለያዩ። «ተወሰነ» የምትል አንዲት ቃል ባለቤቷን ደብቃ ስትወጣ የምታስከፍለው ዋጋ አንዳንዴ ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ዱቡሻ ልምጣ። ዱቡሻ የጋሞ ደጋ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ የሚመክርበት፣ የሚከስበት፣ የሚታረቅበትና የሚወስንበት ቦታ ነው። በምርቃት ይከፈታል፤ ተናጋሪው ተነሥቶ በሁሉም ፊት ይናገራል፤ የሚቃወመውም እንዲሁ በስሙና በፊቱ ይቆማል። ስምምነት ካልተደረሰ ነገሩ ያድራል፣ ይሰነብታል። ሀላቃው የሚመራው ነገር ቢኖርም ብቻውን የሚወስነው ነገር እምብዛም ነው። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው የኦቾሎ ተራራ ላይ ተቀምጦ ይህን ጉባኤ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፎበታል። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሄደበት ነው። ፈረንሳይ ተመልሶ የአገሩን የአካባቢ ፖለቲካ አጠና፤ ቀጥሎም የአውሮፓን ፓርላማ። ፖለቲካ የሚሠራው የት ቦታ ነው የሚለውን ጥያቄ ከኦቾሎ ይዞ ነው ስትራስቡርግ የገባው። እኛ ደግሞ ከዚያው ተራራ ሥር ሆነን ይህን ጥያቄ መጠየቅ አቁመናል።

ዱቡሻው ሙዚየም የገባ ነገር አለመሆኑን በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሁላችንም አይተናል። ቡራዩ ላይ ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ጋሞዎች ነበሩ። የአርባ ምንጭ ወጣት ሐዘንና ቁጣ ይዞት ለበቀል ወጣ። አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ተንበርክኮ የሚለምንን ሽማግሌ አልፎ መሄድ በጋሞ ዘንድ ጎሜ ነው፤ የሚያስከትለው መዘዝ አለና አይደፈርም። ያን ቀን ባነር አልነበረም። ባለድርሻ አካል አልተጋበዘም። ከመድረክ ማብራሪያ የሰጠ የለም። ወጣቱ የታዘዘው ሽማግሌዎቹን በአንድ ቀን ስለወደዳቸው አይመስለኝም፤ ከዚያ በፊት በዱቡሻው የእነሱ ቃል ሲጸና፣ የእሱም አባት ቃል ሲደመጥ ሰምቶ ስላደገ ነው። ባለሥልጣናት ይህን ታሪክ በየንግግራቸው ያነሡታል፤ መልካም ነው። ግን እነዚያን አባቶች የሚያወድስ ባለሥልጣን በማግስቱ ሕዝብ ሰብስቦ የተወሰነ ነገር ሲያነብ፣ የትኛውን የዱቡሻ ክፍል ነው የወደደው? መንበርከኩን ብቻ?

ዱቡሻን ግን ገነት አድርጌ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። በልማዱ የወንዶች ቦታ ነበር። ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ወገኖችም እንደ ሙሉ ዜጋ አይቆጠሩበትም ነበር፤ መሬትም ጋብቻም ተነፍጓቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ በዚህ በኩል የቀበሌው አዳራሽ ይሻላል፤ ቢያንስ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ያቺ ሸክላ ሠሪ እናቷ ዱቡሻ ላይ ያላገኘችውን ወንበር አዳራሹ ውስጥ አግኝታለች። ተነሥታ ስትናገር ግን የሚጠብቃት ያ የቅድሙ ዓረፍተ ነገር ነው። ከደጅ ቆማ ሳትደመጥ የቀረችው አሁን ውስጥ ተቀምጣ ሳትደመጥ ቀረች።

በዓላቱም ከዚህ ወግ አላመለጡም። ዮ ማስቃላን ውሰዱ። የዶርዜ ሸማኔ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ለመስቀል አገሩ ሲገባ ማስታወቂያ የነገረው የለም። መቼ እንደሚነሣ፣ ለማን ምን እንደሚይዝ፣ ለሠንጋው ከማን ጋር እንደሚቆጥብ ያውቃል፤ የተጣላም ካለ ለበዓሉ ይታረቃል። ይህ በዓል ዛሬ በዞን ደረጃ መድረክ ተዘጋጅቶለት ሲከበር ደስ ይለኛል፤ ልጆች ያዩታል፣ እንግዳም ይመጣል። ዜናው ላይ ስደርስ ግን በዓሉን አጣዋለሁ። የተገኙት ኃላፊዎች ዝርዝር፣ በዓሉ ለቱሪዝም ያለው ፋይዳ፣ ከዚያ «በድምቀት ተከበረ»። ማን ከማን ጋር ታረቀ? ከአዲስ አበባ የመጣው ሸማኔ ጥለቱን በስንት እየሸጠ ነው? ልጁስ ሸማ መሥራት ይፈልጋል? ይህን የሚጽፍ ጠፋ እንጂ የሚያነብማ ነበር።

የጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ ብቻ መክሰስ ግፍ ይሆናል። ካሜራውን ይዞ ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው የሚሮጥ አንድ ወጣት፣ አለቃውን ያፋጠጠች ሴትዮ የተናገረችውን ቃል በቃል ቢጽፍ ነገ ማን ይደርስለታል? ሕጉ እንደሆነ አልጎደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ ይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በዝቅተኛው እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590ም መረጃ ማግኘት መብት ነው ብሏል። የጎደለው ጠያቂ ነው። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት አባላት በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተመረጡ፤ በዚያ ምርጫ በመላ አገሪቱ ከነበሩት ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል መቀመጫዎች ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ እጅ የወጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቀጣዩ በ2010 ዓ.ም. መደረግ ሲገባው ተራዘመ፤ የ2013ቱ አገራዊ ምርጫም እነዚህን ምክር ቤቶች አላካተተም። በድምፅ የማይፈራ ሰው ደግሞ «ተገለጸ» ብሎ ቢያልፍ ምን ይቀርበታል?

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሲቀላ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ነው። እንዲህ የሚል፦ «ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ አለ። ባለፈው ስብሰባ ሰባት ጥያቄዎች ተነሥተው ነበር፤ እነዚህ ናቸው። ሁለቱ ተፈጽመዋል። ሦስቱ እየተሠሩ ነው፤ የሚሠራቸው ሰው እገሌ ነው። ሁለቱ አይቻሉም፤ የማይቻሉበት ምክንያት ይህ ነው። ሐሙስ መጥታችሁ አትስማማን በሉ።»

እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ማን ይፈርማል ትሉኝ ይሆናል። እኔም እሱን ነው እኮ የምጠይቀው።