ጤፍ በዛፉ ላይ ሁለት ጊዜ፦ ስለ ድቅል ዝርያዎች የዘር መረብ

የጤፍን የዘር ሐረግ በዛፍ ለመሳል የተነሣ ተመራማሪ ሁሉ ጤፍን ሁለት ቦታ ላይ ያገኘዋል። የዚህ ሰብል 40 ክሮሞዞሞች ከሁለት የተለያዩ የዱር ሣሮች የተወረሱ ናቸው፤ 20ው ከአንዱ፣ 20ው ከሌላው። ስለዚህ አንድ ዘረ-መል ተወስዶ ከሌሎች ሣሮች ጋር ሲነጻጸር አንዱ ቅጂ በአንድ ቅርንጫፍ፣ ሁለተኛው ከዚያ ራቅ ባለ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣል። የለመድነው ዛፍ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ መነሻ ብቻ እንዲኖረው ያስገድዳል። የዘር መረብ ግን ሁለት መሥመሮች በአንድ አንጓ ላይ እንዲገናኙ ይፈቅዳል። በዚህም ጥያቄው ራሱ ይለወጣል፤ የቅርብ ዘመዱ ማን እንደሆነ መጠየቁ ቀርቶ ወላጆቹ እነማን እንደሆኑና መቼ እንደተገናኙ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

በጤፍ ረገድ መሠረቱን የጣለው አማንዳ ኢንግራምና ጄፍ ዶይል እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ነው። ከዚያ በፊት 14 የዱር ዝርያዎች ለወላጅነት ተጠቁመው ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች ዋክሲ የተባለውን የኒውክሊየስ ዘረ-መልና አንድ የክሎሮፕላስት ክፍል አነጻጽረው ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ ለጤፍ እጅግ የቀረበ መሆኑን አሳዩ፤ ኤራግሮስቲስ ሄትሮሜራ ደግሞ ከጤፍ ሁለት ጂኖሞች ለአንዱ ቅርብ ሆኖ ተገኘ። ካነጻጸሯቸው መካከል ለሌሎቹ ዕጩዎች ድጋፍ አልተገኘም። በጥናቱ ውስጥ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ወሰኑን ማወቁን ነው። የአምስት የጤፍ ዓይነቶችና የአራት ፒሎሳ ናሙናዎች ክሎሮፕላስት አንድ ዓይነት ሆኖ ስለተገኘ፣ ጤፍ የተገኘው አንድ ጊዜ ይሁን ብዙ ጊዜ ለሚለው ጥያቄ መረጃው መልስ እንደማይሰጥ በግልጽ ጽፈዋል። ክሎሮፕላስት በአብዛኛው በእናት በኩል ስለሚወረስ የአባትን ወገን ለማሳየትም አይበቃም።

ፒሎሳን ወላጅ ብሎ መሰየም ብቻውን ነገሩን አይቋጨውም፤ ፒሎሳ ራሱ ድቅል ነውና። ከበስተኋላው ያሉት ሁለቱ ጥንታዊ ሣሮች እስካሁን ተለይተው አልታወቁም። ሮበርት ቫንቡረንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ዳቢ የተባለውን የጤፍ ዓይነት ጂኖም አንብበው ከ68 ሺህ በላይ ዘረ-መሎች ሲመዘግቡ ያጋጠማቸው ይኸው ክፍተት ነበር። መፍትሔያቸው ብልህነት የተሞላበት ነው። በጂኖም ውስጥ ራሳቸውን እያባዙ ቦታ የሚቀያይሩ ቁራጮች አሉ። ሁለቱ ሣሮች ተለያይተው በኖሩበት ዘመን በእያንዳንዳቸው ውስጥ የየራሳቸው ቁራጮች ተባዝተዋል፤ ከተዋሐዱ በኋላ ግን ይህ ልዩነት መጠራቀሙን አቁሟል። በእነዚህ አሻራዎች ወላጆቹን ሳያገኙ የወላጆቹን ድርሻ ለዩ። የሁለቱን መለያየት ከ5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ መዋሐዳቸውን ከ1.1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አድርገው ገምተዋል። የኢትዮጵያ ገበሬ የተቀበለው እንግዲህ ተፈጥሮ አስቀድማ ያዳቀለችውን ሣር ነው። ግምቱ ግን ለውጡ በየዘመኑ በምን ፍጥነት እንደተከማቸ በሚወሰድ መነሻ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ አኃዙ እንደ ተቆረጠ ቀን ሊጠቀስ አይገባም።

የአረቢካ ቡና ሁኔታ ከዚህ ይለያል። የእርሱ ሁለት ወላጆች፣ ካኔፎራና ዩጂኒዮይዲስ፣ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ መረቡም በታወቁ ስሞች ይሞላል። በጤፍ መረብ ላይ ግን ሁለቱ የወላጅ አንጓዎች ባዶ ሆነው መሳል አለባቸው። አንዳንድ ጽሑፎች ባዶውን ቦታ በቅርብ ዘመድ ስም ይሞሉታል፤ ይህ አንባቢን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ የሚከፋው የመሣሪያ ምርጫ ስሕተት ነው። በስፋት የሚሠራባቸው የመረብ መገመቻ ስልቶች ከእያንዳንዱ ወላጅ ምን ያህል ድርሻ እንደተወረሰ ያሰላሉ። ስሌቱ እንደ አዋሽ ዝንጀሮዎች፣ አኑቢስና ሐማድሪያስ የተባሉት ዝርያዎች ተገናኝተው ለሚዳቀሉበት ዓይነት ታሪክ ይስማማል። ጤፍ ግን ሁለቱንም ጂኖሞች በሙሉ ይዟል፤ የድርሻ ቁጥር ለእርሱ ትርጉም የለውም። ተገቢው መንገድ ጤፍን በዛፉ ላይ ሁለት ጊዜ አስፍሮ ከዚያ ሁለቱን ቦታዎች ወደ አንድ አንጓ ማጠፍ ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ መሥመር በተጨመረ ቁጥር መረቡ ከመረጃው ጋር ይበልጥ ይገጥማል፤ መግጠሙ ብቻውን ግን መዳቀልን አያረጋግጥም። ከጋራ ቅድመ አያት የቆየ የዘረ-መል ልዩነት ሳይዳቀሉም የዘረ-መል ዛፎችን ሊያጋጭ ይችላል።

መዳቀልን ከጥንት ልዩነት ለመለየት የዱር ዘመዶቹ ናሙና ያስፈልጋልና፣ ጥያቄው በአዲስ አበባ ጠርዝ ያለውን የኮዬ ፈጬን መሬት የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ኮዬ ፈጬ የሚገኝበትና ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት የአቃቂ አካባቢ እስከ ቢሾፍቱ ከሚዘልቀው፣ ጤፍ ከሚወደው መረሬ አፈር ጋር የተያያዘ የእርሻ ምድር ነበር። የጤፍ የዱር ዘመዶች በእርሻ ውስጥ፣ በድንበርና በመንገድ ዳር የሚበቅሉ አረሞች ስለሆኑ ማንም ሳያያቸው ከእርሻው ጋር ይጠፋሉ። የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የጤፍ ዘር በብዛት ሰብስቧል። አሁን በከተማዋ ጠርዝ ላይ የቀረው እርሻ ሳይታነጽበት ጤፉና አረሙ ከአንድ ማሳ ጎን ለጎን ሊሰበሰቡ ይገባል፤ ፒሎሳና ጤፍ በምርምር ጣቢያ ተዳቅለው ፍሬያማ ዘር ሰጥተዋልና፣ በገበሬው ማሳ ላይም ተዳቅለው እንደሆነ መፈተሽ ይቻላል። ከአቃቂ የተወሰደ ፒሎሳ ከሩቅ አገር ፒሎሳ ይልቅ ለአቃቂ ጤፍ የሚቀርብ ከሆነ ሁለት ማብራሪያ ይኖራል። ተመሳሳይነቱ በአጫጭር ቁራጮች በመላው ጂኖም ከተበተነ የጥንት ዝምድና ነው፤ በጥቂት ክሮሞዞሞች ላይ በረጃጅሙ ከተገኘ ግን የቅርብ ጊዜ መዳቀል ነው። ጤፍ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ እንዲህ ያለው ረጅም ቁራጭ ቶሎ አይበጣጠስም፤ ከብዙ ትውልድ በፊት የተፈጸመ መዳቀልም ቢሆን ምልክቱ ሊነበብ ይችላል።