ያነበብናቸው የመሰሉን መጻሕፍት

«ብዙ ያነበበ» የሚባለው ሰው በመጻሕፍት ቁጥር የሚለካ አይመስለኝም። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ዜማው፣ ቅኔውና ትርጓሜው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ንባብ ብቻ የጨረሰ ሰው ሊቅ አይባልም። የዛሬው አንባቢ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል።

ለዚህ ከከበደ ሚካኤል የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። ደራሲው የተወለዱት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው። «ታሪክና ምሳሌ» የተሰኘውን የግጥም መጽሐፋቸውን በትምህርት ቤት ያለፈ ትውልድ በቃሉ ይዞታል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ ግጥሞቹን የሸመደደ ሰው ደራሲውን ጨርሶ ያነበበ ይመስለዋል። «የትንቢት ቀጠሮ» የተባለው ተውኔትና «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ለሌላ ጊዜ ይቀጠራሉ።

ተማሪዎቼን ተረቶቹን ከጃፓኑ መጽሐፍ ጎን እንዲያነቧቸው የምመክረው ስለዚህ ነው። የኋለኛው፣ ኢትዮጵያ ከጃፓን ሥልጣኔ ምን ትማር ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ተረቶቹ የተመለሰ አንባቢ፣ የልጆች ምክር ብሎ ባለፋቸው ግጥሞች ውስጥ ስለ ዕውቀት፣ ስለ ሥራና ስለ አገር የሚከራከር አሳቢ ያገኛል።

እንግዲህ አጥብቀን የምናዘገየው የምናውቀው የመሰለንን መጽሐፍ ነው። በእኔ አስተያየት በንባብ የበሰለ የሚባለው፣ በቃሉ የያዘውን ዳግመኛ ገልጦ የሚመረምር ነው። ይህ ካልሆነ የደራሲው ስም ይከበራል፤ ሐሳቡ ግን ሳይነበብ ይቀራል።