በረዶው ሳይሰበር

ወደ ዋልታ ባሕሮች ጥናት አዲስ የሚመጣ ሁሉ የሚያነሣት ጥያቄ አለች፤ ሳተላይት የባሕሩን አረንጓዴነት እየነገረን፣ መርከብ አስነሥቶ በረዶ እየበሱ ውሃ መቅዳት ለምን ያስፈልጋል? በዚህ ነገር ግትር ነኝ። ሳተላይቱ የሚያሳየው ፕላንክተን የሚመረትበትን ወቅት ሳይሆን የተመረተው ለሰማይ የሚገለጥበትን ነው። በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ኬቨን አሪጎና ባልደረቦቹ በቹክቺ ባሕር ያገኙት ለዚህ በቂ ምስክር ነው፦ ውፍረቱ ከ0.8 እስከ 1.3 ሜትር በሆነ በረዶ ሥር፣ ከጠርዙ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ የዘለቀ የዲያቶም ክምችት። በረዶው ላይ ቀልጦ ያቆረው ውሃ ብርሃኑን ቁልቁል ያሳልፈዋል፤ ከላይ ላየው ግን ያው በረዶ ነው። በረዶው ተሰብሮ ባሕሩ ሲገለጥ የላይኛው ውሃ ናይትሬት ተሟጧል፣ የቀረው ምርትም ናይትሬት ወዳለበት፣ ሳተላይት ወደማያይበት ጥልቀት ወርዷል። ምስሉን ብቻ የያዘ ሰው ታዲያ የሚያየው ምድረ በዳ ነው።

መርከብ አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚያየው የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ግን ወሩ ካመለጠ የምስሉ ስፋት ምን ያደርግልኛል? ከበድ የሚለው ሌላኛው ሙግት ነው፦ በረዶው ሳይሰበር የሚመረተው ጥቂት ስለሆነ የዓመቱን ድምር አይለውጥም ይላሉ። በብዙ ቦታ ጥቂት መሆኑን አልክድም። በባፊን ባሕረ ሰላጤ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በየካቲት፣ ብርሃን አለ ለማለት በሚያስቸግርበት ወር፣ የመዘገቡት ዕድገትም በመጠን ኢምንት ነው። ነገር ግን ካላነስ ግላሲያሊስ የተባለችው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትረዝም ኮፔፖድ በብዙ ቦታ እንቁላል የምትጥለው ከበረዶው ሥር የሚበቅለውን አልጌ በልታ ነው፤ እጮቿ ለዋናው ምርት የሚደርሱትም በዚሁ ነው። ደግሞስ ክሎሮፊል ስላነሰ ምርት አነሰ ማለት ነው? ከብት የማይለየው መስክ ሣሩ አጭር የሆነው ስላላደገ አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው የናይትሬቱን ልክ ነው። በጨለማው ወራት መጨረሻና በበጋው ማብቂያ በተቀዳ ውሃ መካከል ያለው ልዩነት፣ ማንም ሳያይ የተመረተውንም ይቆጥራል። ከጥልቁ እየተቀላቀለ የሚወጣ ናይትሬት ስላለ የሚገኘው ዝቅተኛው ግምት ነው፤ እሱም ይበቃኛል። (በደቡቡ ውቅያኖስ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ባብዛኛው ናይትሬቱ ተርፎ የሚያጥረው ብረት ነው።) ችግሩ ጉዞዎቻችን የሚያዙት በአመዛኙ ባሕሩ ለመርከብ በሚመችበት በነሐሴ መሆኑ ነው፤ ከምን እንደተቀነሰ የማይታወቅ ቀሪ ይዘን እንመለሳለን።